ካፌይን እርጥበት እንዳይስብ ማድረግ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ካፌይንን ከአሲድ ጋር በአንድ ክሪስታል በማዋሐድ እርጥበት እንዳያበላሸው ማድረግ እንደሚቻል መምህራችን ነግረውናል። ካፌይኑ ራሱ ሳይለወጥ ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሥራውን የሚሠራው የሃይድሮጅን ቦንድ፣ ማለትም በአንድ ሞለኪውል ሃይድሮጅንና በሌላው ሞለኪውል ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን መካከል ያለው መሳሳብ ነው። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን ጋር ያሰረውን ኮቫለንት ቦንድ ለመበጠስ በሞል 460 ኪሎጁል ገደማ ሲያስፈልግ፣ ሁለት የውሃ ሞለኪውሎችን ለሚያያይዘው የሃይድሮጅን ቦንድ ግን 20 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ስለዚህ የሃይድሮጅን ቦንድ የሞለኪውሉን ማንነት አይነካም፤ ነገር ግን አቅጣጫን ስለሚመርጥ፣ ማን ከማን አጠገብ በምን አኳኋን እንደሚቀመጥ ይወስናል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት ማርጋሬት ኤተር ያስቀመጡት ደንብ ለክሪስታል ነዳፊው ዋነኛ መመሪያ ነው፦ ከሁሉ የተሻለው ሃይድሮጅን ሰጪ (ሃይድሮጅኑን ለቦንዱ የሚያቀርበው) ከሁሉ ከተሻለው ተቀባይ (ያንን ሃይድሮጅን ከሚስበው አተም) ጋር ይጣመራል።

ካፌይን ጥሩ ተቀባይ የሆኑ ናይትሮጅንና ኦክስጅን አተሞች ቢኖሩትም፣ ጠንካራ ሰጪ ግን የለውም። በእርጥብ አየር ውስጥ ውሃ ሰጪ ሆኖ ይገባና ካፌይኑን ወደ ሃይድሬት፣ ማለትም ውሃ በውስጡ ወደያዘ ክሪስታል፣ የሚለውጠው በዚህ ምክንያት ነው። ኦክሳሊክ አሲድ በበኩሉ በሁለት ጫፎቹ ጥሩ ሃይድሮጅን ሰጪ የሆነ ካርቦክሲሊክ ቡድን ስላለው፣ በእያንዳንዱ ጫፍ የአንድ ካፌይን ናይትሮጅን ይይዛል፤ ሁለት ካፌይን ለአንድ አሲድ ማለት ነው። በ2005 የታተመ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ይህ ክሪስታል በከፍተኛ እርጥበት ውስጥ ለሳምንታት ቆይቶም ወደ ሃይድሬት እንዳልተለወጠ አሳይቷል። በዚያው ጥናት የተሞከሩ ሌሎች አሲዶች ይህን ያህል አለመጽናታቸው ግን ናይትሮጅኑን መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ ይጠቁማል። ኦክሳሊክ አሲድ በብዛት ሲወሰድ ኩላሊትን ስለሚጎዳም፣ ምሳሌው ከመድኃኒትነት ይልቅ ለትምህርትነት የሚጠቅም ይመስለናል።

የኤተር ደንብ ግን የቅርብ ጎረቤትን እንጂ ሙሉውን አወቃቀር አያረጋግጥም። ትራይሜሲክ አሲድን እንውሰድ፦ ሦስት ካርቦክሲሊክ ቡድኖቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በጥንድ በጥንድ ሲያያዙ፣ እንደተጠበቀው ሰፋፊ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳዎች ያሉት መረብ ይሠራል። በ1969 አወቃቀሩ በኤክስሬይ ተፈትቶ ሲታተም ግን ቀዳዳዎቹ ባዶ አልነበሩም፤ ሌሎች ተመሳሳይ መረቦች በውስጣቸው አልፈው ሞልተዋቸው ነበር።