መጀመሪያ በሩን ዝጉ፦ ማረሚያ ቤት ለተመደባችሁ ወጣት ጤና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በማረሚያ ቤት ክሊኒኮች ነው። አሁን አሁን ከምረቃ በቀጥታ ማረሚያ ቤት የሚመደቡ ወጣቶች ይደውሉልኛል። ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ነው። ስለ ቲቢ ይጠይቁኛል፣ ስለ እከክ ይጠይቁኛል። ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ አባላዘር በሽታ ግን የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። ታራሚ ሲባል ወሲብና ወሊድ የሌለው ሰው ይመስለናል መሰለኝ። አለው። ከውጭ ሰው እኩል አለው፣ አንዳንዱ ጉዳይ እንዲያውም እዚያ ውስጥ ይብሳል።

አንድ ነገር ቶሎ ታስተውላላችሁ። ታራሚ ክሊኒክ ሲመጣ የሚናገረው ሕመምና ያመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። እሱ ራሴን አመመኝ ይላል፣ እሷ ጨጓራዬ ነው ትላለች። ፓራሲታሞል ይሰጣቸዋል፣ ይሄዳሉ፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይመጣሉ። አንድ ቀን አጃቢው ወጣ ሲል ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና "ሲስተር፣ ሌላም ነገር ነበረኝ" ይላሉ። የመጡት ለዚያ ነው። ብልት ላይ የወጣ ቁስል ሊሆን ይችላል፣ የቀረ ወር አበባ ሊሆን ይችላል፣ ሌሊት የደረሰበት ነገርም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሥራችሁ ከመድኃኒቱ በፊት ከበሩ ይጀምራል። አጃቢው ውጭ ይቁም። ለደኅንነት ሲባል የግድ ማየት ካለበት ከሩቅ ይይ፣ መስማት ግን የለበትም። ይህ የእኔ አመል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም አሻሽሎ ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ ምርመራ ሁሉ በሙሉ ምስጢር እንዲካሄድ ያዛል። የሕክምና ውሳኔ የባለሙያው ብቻ እንደሆነና የጥበቃ አባል ሊሽረው እንደማይችልም በግልጽ ይናገራል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ ይደነግጋል። ይህን ለኃላፊዎቹ ስታስረዱ ግን አትጣሉ፣ ቁጣ የትም አያደርስም። ቢሯቸው ገብታችሁ ረጋ ብላችሁ አስረዱ። እስኪፈቅዱ ድረስም መጋረጃ ስቀሉ፣ የታካሚውን ወንበር ጀርባው ለበሩ እንዲሆን አዙሩት፣ እናንተም ጠጋ ብላችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠይቁ።

መዝገቡም እንደ በሩ መዘጋት አለበት። በብዙ ክሊኒክ የሚያግዙ ታራሚዎች አሉ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ያለ እነሱ ሥራው አይገፋም። የኤችአይቪ መዝገብ ግን እጃቸው ላይ አይውልም። አንድ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት ከታወቀ ወሬው ከምሳ በፊት ቤቱን ያዳርሳል፤ ውጭ ያለ ሰው ሰፈር ይቀይራል፣ ታራሚ ግን ከሚያማው ሰው አጠገብ ነው የሚተኛው። ለዚህ ነው "የኤአርቲ ሰዎች ተሰለፉ" ተብሎ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱት ለብቻ ሰልፍ ሲሠራ የምቆጣው። መድኃኒቱን ከደም ግፊቱና ከስኳሩ መድኃኒት ጋር በአንድ ሰልፍ ስጡ። ብልቃጡ ሲንኮሻኮሽ እንደሚያሳጣቸው አስቡና ጥጥ ጨምሩበት። በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ዛሬ በቀን አንድ ፍሬ ነው። በትክክል የወሰደ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ከወረደ በግብረ ሥጋ ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህን አፋችሁን ሞልታችሁ ንገሯቸው። ብዙዎቹ ሰምተውት አያውቁም።

"በምን ታሰርሽ?" ብላችሁ ደግሞ አትጠይቁ። ለሕክምናው አይጠቅማችሁም። ፍርድ ቤቱ የፈረደው እስራት ነው፤ ሕመም አብሮ አልፈረደም።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

አዲስ የገባች ሴት ስትመጣ መጀመሪያ ጡቷን ጠይቋት። ልክ ነው፣ ጡቷን። የሚጠባ ልጅ ቤት ጥላ የመጣች ሴት ወተቱ ይጠጥርባታል፣ ያተኩሳታል፣ አፍራም ለማንም አትናገርም። ልጁ ማን ጋር እንደቀረ ስትጠይቋት ታለቅሳለች። ይህንንም ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ማድረስ ከእናንተ ይጠበቃል። ቀጥላችሁ የመጨረሻ ወር አበባዋን ጠይቁ። ካልመጣ የእርግዝና ምርመራ አቅርቡላት፣ ፈቃዷ ከሆነ ብቻ። የባንኮክ ደንብ የሚባለው፣ በ2003 ዓ.ም ስለ ሴት እስረኞች የጸደቀው፣ ሴቷ ስለ ሥነ ተዋልዶ ታሪኳ ያለመናገርና ያለመመርመር መብት እንዳላት ይገልጻል።

ወር አበባ መቅረት ሁልጊዜ እርግዝና አይደለም። የእስር ድንጋጤ፣ የኪሎ መቀነስ፣ እንቅልፍ ማጣት ወር አበባን ለወራት ሊያቆሙት ይችላሉ። ከመታሰሯ በፊት የሦስት ወሩን የእርግዝና መከላከያ መርፌ ትወስድ የነበረችም ወር አበባዋ ላይመጣ ይችላል፤ ካቆመችው በኋላ ማርገዝ የምትችልበት ጊዜም ብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል። ይህን ያልሰማች ልጅ ሌሊቱን ሙሉ "መሃን ሆንኩ" እያለች ስትጨነቅ ታድራለች። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ማብራሪያ ነው።

ተደፍራ አርግዛ የገባችም አለች። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝናው ከመደፈር የመጣ ከሆነ በሕክምና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ የሚላት ሰው ካጋጠማችሁ ሕጉን አውጥታችሁ አሳዩት። እናንተ በእምነታችሁ ምክንያት ባትሠሩት እንኳ ያለውን አማራጭ መንገርና ወደሚሠራው ሆስፒታል መላክ ግዴታችሁ ነው። ለመውለድ ከወሰነችም ውሳኔው የሷ ነው፤ ክትትሏን በዚያው ዕለት ጀምሩላት።

እርጉዟ ታራሚ ውጭ ያለችው የምታገኘውን ሁሉ ማግኘት አለባት። አይረኑን፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራውን፣ ሁሉንም። ቫይረሱ ያለባት እናት መድኃኒቷን በደንብ ከወሰደችና ሕፃኑም መከላከያውን ካገኘ፣ ወደ ልጁ የመተላለፉ ዕድል ከ100 ከ5 በታች ይወርዳል። የማረሚያ ቤት ልዩ ችግር ምጡ ሌሊት ሲመጣ ነው። ቁልፍ የያዘው ሰው የለም፣ መኪናው ወጥቷል፣ ሴት አጃቢ አልተመደበችም፣ የሚፈርም ኃላፊ ቤቱ ገብቷል። ምጥ ደግሞ ፊርማ አይጠብቅም። ስለዚህ የመውለጃ ጊዜዋ አንድ ወር ሲቀረው ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የመኪናው ሹፌር ስልክ፣ ተተኪው፣ ሴት አጃቢዋ፣ የሚቀበላት ሆስፒታል፣ ሁሉም በስም ይጻፍና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ካቴናን በተመለከተ የማንዴላ ደንብ አንድም ቀዳዳ አልተወም፤ በምጥ፣ በወሊድና ወዲያው ከወሊድ በኋላ ሴት ላይ ማሰሪያ አይደረግም። አጃቢው ካላወቀ እናንተ ንገሩት። ሕፃኑ ማረሚያ ቤት ውስጥ ቢወለድም የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ማረሚያ ቤት ተብሎ አይጻፍም፣ እሱንም ተከታተሉ።

የሞዴስ ነገር። ማርች 8 ሲደርስ በካርቶን ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል። በሌላው ወር ጠያቂ የሌላት ሴት ጨርቅ ቀድዳ ትጠቀማለች፤ ያንንም አጥባ ፀሐይ ላይ ለመስጣት ታፍርና እርጥቡን ትለብሳለች። ሞዴስ ያላት በሳሙና ትለውጠዋለች። በዓል ጠብቆ የሚመጣ ስጦታ መሆን የለበትም፣ የባንኮክ ደንብ በነጻ ይሰጥ ይላል። የዓመቱን ፍላጎት ቆጥራችሁ የበጀት ጥያቄው ውስጥ አስገቡት። ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሰውም፣ እመኑኝ።

የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራንም አትርሱ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሁሉ፣ ቫይረሱ ያለባት ደግሞ ከዚያም ቀድማ፣ መመርመር አለባት። በአሴቲክ አሲድ የሚደረግ ቀላል ምርመራ ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ከገጠር መጥታ የታሰረች ሴት በሕይወቷ ማንም መርምሯት ላያውቅ ይችላል። የተመረመረችው ታስራ መሆኑ ያሳዝናል፣ ግን ይመርመሩ። ሴት ባለሙያ ትሁን።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ መድኃኒት የለውም። "ስወጣ እወልዳለሁ?" በ29 ዓመቷ 12 ዓመት ተፈርዶባት የገባች ሴት አስቡ። በአመክሮ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሳ ብትወጣ 8 ዓመት ነው፣ 37 ዓመቷ ይሆናል። "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብላችሁ አትሸኟት፤ እሱን እሷም ታውቃለች። እውነቱን ንገሯት። ከ35 በኋላ የማርገዝ ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከ40 ሲጠጋ ደግሞ ፈጥኖ ይወርዳል፤ በ37 የሚወልዱ ግን ብዙ ናቸው። ዛሬ ልታደርገው የምትችለው ነገርም አለ፤ ፈሳሽና የታችኛው ሆድ ሕመም ሲኖራት ሳትውል ሳታድር መታከም፣ ምክንያቱም ያልታከመ አባላዘር የማሕፀን ቱቦን ይዘጋል። ደም ማነስ ካለባት መታከም። ስትወጣ ሳትዘገይ መመርመር። ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ የምታዩት ለውጥ አለ። የወደፊት ሕይወቷን እንደ ቁም ነገር ያወራት ሰው አግኝታለችና።

ወንዶቹ ደግሞ ጨርሶ ተረስተዋል። ወጣቱ ግለ ወሲብ ዓይን ያጠፋል፣ መካን ያደርጋል ተብሎ ሰምቶ ይጨነቃል። አያጠፋም፣ አያደርግም፤ የሃይማኖቱን ጉዳይ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ይነጋገርበት፣ የአካሉን ጉዳይ ግን እናንተ አረጋጉት። ምላጭ እንዳይዋዋሱ ንገሯቸው።

በጣም የሚደበቀው ግን መደፈር ነው። በኃይል፣ በማስፈራራት፣ ወይም ጠያቂና ስንቅ የሌለውን ልጅ በምግብና በፍራሽ በማባበል ይፈጸማል። ሕጉ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ስለሚቀጣ የተደፈረውም ልጅ "እኔም እከሰሳለሁ" ብሎ ይፈራል። ኪንታሮት ነው ብሎ ይመጣል። ዓይኑን አያነሣም። ለብቻው አድርጋችሁ "ሳትፈልግ የነካህ ሰው አለ?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀን መወሰድ አለበት፤ ነገ ይምጣ የሚባል ነገር የለም። ለሴትም ያው ነው፣ በተጨማሪ እስከ 5 ቀን ድረስ የእርግዝና መከላከያ ይሰጣታል፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። ልጁ ክስ ማቅረብ ከፈለገ እርዱት። ካልፈለገም ቢያንስ ቤት እንዲቀየርለት አድርጉ፤ "በሕክምና ምክንያት" ብሎ መጻፍ በቂ ነው፣ ዝርዝር አይጻፍ። ኮንዶም እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች አልታደለም። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በሽታው ውስጥ ገብቶ ሳለ መከላከያው በር ላይ የሚቆምበት ምክንያት አይታየኝም። ታራሚው ነገ ወደ ሚስቱ ይመለሳል።

መፈታትም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ለአዲስ ዓመት ይቅርታ ሲሆን ስም ይነበባል፣ እልልታ ይሆናል፣ ሰው ፌስታሉን ይዞ ይሮጣል። መድኃኒቱ ክሊኒክ ይቀራል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ዝርዝሩን ሳትጠብቁ ኤአርቲ ላይ ላሉት ሁሉ የዝውውር ቅጹን ሞልታችሁ አዘጋጁ፤ የተቻለውን ያህል ወር መድኃኒትም ለይታችሁ አስቀምጡ። በአመክሮ የሚወጡት ቀናቸው ስለሚታወቅ ሰበብ የለም። ከትዳር ጓደኛው ጋር አብረው ሳይመረመሩ ያለ ኮንዶም እንዳይገናኙ ምከሩት። መውለድ የማትፈልግ ሴት መከላከያዋን እዚያው ወስዳ ትውጣ። ስትፈታ ማን ቤት እንደምታድር እንኳ ላታውቅ ትችላለችና። የሚቀበላቸውን ጤና ጣቢያ አስቀድማችሁ በስልክ አግኙ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ መልሳችሁ ደውሉና ደርሰው እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልደረሱ ትተውት የሄዱትን የቤተሰብ ስልክ ሞክሩ፣ ለሚያነሣው ሰው ግን ከየት እንደደወላችሁም ሆነ ስለ ምን እንደሆነ አትናገሩ።