ጥያቄና መልስ፦ ዜማው የት ነው የሚያርፈው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ቅኝቶቹን ጠንቅቄ አውቃለሁ። በቀደም አንድ ጓደኛዬ የፍራንክ ብሪጅን የፒያኖ ሶናታ (በክፍል በክፍል የተጻፈ ረጅም ሥራ) በስልክ ላከልኝ። እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው አለኝ። ሦስት ማታ ሞከርኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ግን የማንጎራጉረው አንድ ነገር እንኳ አልቀረልኝም። ሰውየው የተረሳው ስለማይጥም ነው? ወይስ ችግሩ የኔ ጆሮ ነው? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ጆሮህ ምንም አልሆነም፣ ወንድሜ። እንዲያውም የተቸገርከው ቅኝት የለመደ ጆሮ ስላለህ ነው። ትዝታም ሆነ ባቲ ስትጫወት፣ ዜማው የትም ዞሮ የት እንደሚያርፍ ታውቃለህ። ሰርገኛውም ያውቀዋል። የብሪጅ ሶናታ ግን ያንን ማረፊያ ይነሳሃል። አንተ ማረፊያውን ስትጠብቅ ግማሽ ሰዓቱ ያልቃል።

ኪቦርድህ አጠገብህ ካለ አሁኑኑ ይህን ሞክር። በግራ እጅህ ሲ ማይነር ያዝ፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ። እሱን ሳትለቅ በቀኝህ ዲ ሜጀር ጨምርበት፦ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ። ሁለቱ ኮርዶች (አንድ ላይ የሚነኩ ድምፆች) የሚጋሩት አንድም ድምፅ የለም። ግራው አዝኗል፣ ቀኙ በርቷል፤ አንዱ ሌላውን አያሸንፍም። ሙዚቀኞች "የብሪጅ ኮርድ" ይሉታል። በለስላሳው ንካውና ድምፁ እስኪሞት ጠብቅ። ደግመህ ንካው። እኔ በመጀመሪያው ቀን የተሳሳትኩ መስሎኝ ኖታውን መልሼ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ከነካሁት በኋላ ነው ጆሮዬ የተቀበለው። አሁን በጣም እወደዋለሁ።

ብሪጅ እዚህ ድምፅ ላይ የደረሰው ዝም ብሎ አይደለም። የተወለደው በ1879 ብራይተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለ መሣሪያ) ተጫዋች ነበር። በወጣትነቱ የጻፋቸው አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች ጣፋጭ ናቸው፤ እንግዳ ፊት ሳሎን ውስጥ የሚጫወቷቸው ዓይነት። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ብሪጅ ጦርነትን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር። ኧርነስት ፋራር የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ጓደኛው በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ተገደለበት። ፋራር 33 ዓመቱ ነበር፤ ግንባር ላይ ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንተ የሰማኸው ሶናታ ለእሱ መታሰቢያ የተጻፈ ነው። ብሪጅ በ1921 ጀምሮት የጨረሰው በ1924 ነው።

መክፈቻውን መልሰህ ስማው። አንድ ድምፅ እንደ ደወል ይደጋገማል። ዘጌ ገዳማት ሄደህ የድንጋዩን ደወል ሰምተህ ከሆነ፣ ያንን አስብ። ለቅሶ ቤት ገብቶ "ዜማው የት አለ?" የሚል ሰው የለም። እዚያ አብሮ መቀመጥ ነው። ይህንንም እንደዚያ ስማው።

ግን ከሶናታው መጀመር አልነበረብህም። ጓደኛህ ከከባዱ ነው የጀመረልህ። ብሪጅ በዚያው በ1918 ለግራ እጅ ብቻ ሦስት አጫጭር ሥራዎች ጽፏል። የጻፋቸው ዳግላስ ፎክስ ለሚባል ሙዚቀኛ ነው፤ ፎክስ በጦርነቱ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነው። የመጀመሪያው "ጎህ ሲቀድ"፣ ሁለተኛው "ሌሊቱን መትጋት"፣ ሦስተኛው "ፈንጠዝያ" ልንለው እንችላለን።

እነዚህን የወደድኳቸው መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ቤቴ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ያለኝ አሮጌ የቁም ፒያኖ ነው፤ ክረምት ላይ በእርጥበቱ ቁልፎቹ ያብጣሉ፣ አንዳንዱ ሲነካ ተጣብቆ ይቀራል። ያን ዕለት ማታ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሟል። በቀኝ እጄ የስልኬን ባትሪ ወደ ኖታው ይዤ፣ በግራዬ ሁለተኛውን መጫወት ጀመርኩ። አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ግን ታች ያለውም ድምፅ አለ፣ መሐሉም አለ፣ ላይኛውም አለ። እጁ ከታች ወደ ላይ እየተመላለሰ ሁሉንም ያዳርሳል። ፔዳሉ ደግሞ እጁ ጥሎት የሄደውን ድምፅ ይጠብቅለታል። ስጨርስ ጎረቤቴ እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። "በገና ገዛህ እንዴ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ጣቶች ነው። አውታሮቹ በአንድ እጅ። በዐቢይ ጾም በገና ስንሰማ ለእስክስታ የሚሆን ምት አንፈልግም። ጣቱ አውታሩን ለቆት እንኳ የሚቀረውን እርግብግቢት ነው የምንሰማው። አንተ ያን ማዳመጥ ታውቅበታለህ። ብሪጅን ስታዳምጥ እሱን ጆሮህን ተጠቀም።

ስለመረሳቱ ጠይቀሃል። ሶናታው በ1925 ለንደን ውስጥ ሲቀርብ፣ የድሮውን ጣፋጭ ብሪጅ ይጠብቁ የነበሩ ብዙዎች ግራ ተጋቡ። በ1928 የጻፈውን "ጋርጎይል" የተባለ የፒያኖ ሥራ አሳታሚው አልቀበልም አለው፤ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ብሪጅ በ1941 ሌላ ጦርነት መሐል ሞተ። ስሙን ያቆየለት በልጅነቱ ያስተማረው የሙዚቃ ደራሲው ቤንጃሚን ብሪተን ነው። ብሪተን ታላቅ ሆነ፣ በ1937ም ከመምህሩ ዜማ ተነስቶ ለአውታር ኦርኬስትራ የጻፈው ሥራ ዓለምን ዞረ። እኔ ግን "የብሪተን አስተማሪ" ተብሎ ብቻ ሲጠራ ያመኛል። ያን ሶናታ የጻፈ ሰው በራሱ ስም መጠራት ይገባዋል።

አሁን እንዲህ አድርግ። በስልኩ ድምፅ ማጉያ አትስማ፤ የታችኛው ድምፅ ሁሉ ይጠፋብሃል። ኢርፎን አድርግ። መጀመሪያ የግራ እጆቹን ሥራዎች ስማ። ቀጥሎ "የአሸዋ ሰዓት" ከሚባለው ስብስቡ ሦስተኛውን፣ "የእኩለ ሌሊት ማዕበል" የሚለውን። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ታንኳ ውስጥ ተቀምጠህ ታውቅ ከሆነ፣ ግራ እጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል። ከዚያ ወደ ሶናታው ተመለስ፤ ግን ከመሐለኛው ክፍል ጀምር። እሱ ቀስ ያለ ነው። እዚያ ውስጥ የምታንጎራጉረው ታገኛለህ።