የፒፓ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ለንደን ያለ ወንድሜ ከአንድ አሮጌ የትምባሆ ሱቅ በሚዛን የተገዛ 50 ግራም ቨርጂኒያ የሚባል የፒፓ ትምባሆ ላከልኝ። ሽታው ደረቅ ሣርና ዘቢብ ነው። ሳጨሰው ግን ምላሴን ይለበልበኛል፣ ፒፓው ውስጥም ውሃ ይንቦጫቦጫል። የድሬ ሙቀት አድርቆት ይሆናል ብዬ ውሃ አርከፈከፍኩበት፤ ባሰበት። (ከከዚራ)

መልስ፦ ያባሰው ያርከፈከፉት ውሃ ነው። ባለሱቆቹ ቅጠሉ እንዳይፈረፈር እርጥበቱን ጠብቀው ነው የሚያስቀምጡት፤ ስለዚህ እንደተገዛ ቢጨስ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። እርጥብ ትምባሆ ሲነድ እንፋሎት ይወጣዋል፤ ምላስዎን የሚለበልበው እሱ ነው። እንፋሎቱ የፒፓው አንገት ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና የሚንቦጫቦጨው ውሃ ይሆናል። ቨርጂኒያ ደግሞ ሲዘጋጅ በጋለ ቤት ውስጥ ቶሎ ስለሚደርቅ ስኳሩ ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ቶሎ ቶሎ ከሳቡት በጣም ይግላል።

ለአንድ ጊዜ የሚበቃዎትን ብቻ ነጭ ወረቀት ላይ በትነው ጥላ ውስጥ ያቆዩት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ሽታውን ይዞት ይሄዳል። በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሩብ ሰዓት ሊበቃው ይችላል፤ ሐረር ላይ ሰዓትም ሊፈልግ ይችላል። ከሰዓቱ ይልቅ ጣትዎን ይመኑ፦ ቆንጥረው ጨብጠው ይልቀቁት። እንደተጣበቀ ከቀረ ገና ነው። ቀስ ብሎ ከተፍታታ ደርሷል። ከተንኮሻኮሸ አልፎበታል።

የፒፓው አሞላልም የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ እስከ አፉ ሳይጫኑ ይሙሉትና በቀስታ ወደ ግማሽ ያውርዱት። እንደገና ሞልተው ትንሽ ጠንከር አድርገው እስከ ሦስት አራተኛው፣ በመጨረሻ ሞልተው ከአፉ ትንሽ ዝቅ እስኪል ይጫኑት። ሳይለኩሱ ሳብ ሲያደርጉት በገለባ ለስላሳ እንደመጠጣት ቀለል ካላለ አራግፈው እንደገና ይሙሉ፤ በሽቦ መቆርቆር አያድነውም። በመጀመሪያው ክብሪት ላዩ ያብጣል። ያንን በመጠቅጠቂያ ደልድለው ሁለተኛ ይለኩሱ። ከዚያ አሳሳቡ ትኩስ ቡና ፉት እንደሚሉት ነው። ቢጠፋ ይጥፋ፣ መልሶ መለኮስ ነውር የለውም። እንዳይጠፋ ብሎ መሳብ ነው ምላስን የሚጨርሰው።

የቀረውን ክዳኑ በሚጠብቅ የማርማላታ ጠርሙስ ያስቀምጡ። ጠርሙሱ መጀመሪያ በደንብ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ትኩስነቱን ይጠብቃል ብሎ የብርቱካን ልጣጭ የሚከት አለ፤ ሻጋታ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ላታኪያ የሚባል ቅጠል ያለበት የትምባሆ ቅልቅል ደርሶኝ ስከፍተው የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ተበላሽቷል? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አልተበላሸም። ስሙ ከሶርያዋ የወደብ ከተማ የመጣ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚታወቀው የቆጵሮሱ ነው። ቅጠሉ ሽታ ባለው እንጨት ጭስ ሲታጠን ይከርማል፤ የወተት ዕቃ በወይራ እንደሚታጠነው ማለት ነው። በወይራ የታጠነ ወተት የሚወዱ ከሆነ ይለምዱታል። ብቻውን ግን አይጨስም። ለጀማሪ ከቅልቅሉ አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሌሎቹን ቅጠሎች ይሸፍናቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ላታኪያ የጨሰበት ፒፓ ሽታውን አይለቅም። ቨርጂኒያዎን በዚያው ካጨሱ ዘቢቡን አያገኙትም። ሁለተኛ ፒፓ ይያዙለት። አንድ ብቻ ካለዎት ጭንቅላቱን (ትምባሆው የሚሞላበትን ጎድጓዳ) በጥጥ ሞልተው ንጹህ አልኮል ያንጠባጥቡበት፣ ይደር። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ ጥቂት ቀን ይድረቅ። በጥጥ ፈንታ ጨው የሚጠቀሙ አሉ፤ አንዳንዴ እንጨቱን ስለሚሰነጥቅ እኛ አንመክረውም።

ጥያቄ፦ የቫኒላ ትምባሆ ድሬ ላይ የት ይገኛል? ደግሞስ ጭሱን ካልዋጡት አይጎዳም የሚባለው እውነት ነው? (ከሳቢያን)

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ በአገራችን አይሸጥም፤ «አለኝ» የሚል ሱቅ ካገኙ ሕገወጥ ነው። ሁለተኛው እውነት አይደለም። ጭሱን አለመዋጥ የአፍንና የምላስን ካንሰር አይከለክልም።

ጥያቄ፦ ፒፓ የሚሠራው ከአስታ ነው ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ እዚሁ አናጢ ቢጠርብልኝስ? (ከድሬዳዋ፣ ለገሀር)

መልስ፦ ዛፉ እውነትም አስታ ነው፤ በባሌና በሰሜን ተራሮች የምናውቀው ራሱ። ፒፓ የሚሆነው ግን ግንዱ ሳይሆን ከሥሩ በላይ የሚያብጠው ጉጥ ነው፤ ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ይመጣል። ጉጡ ተቆርጦ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ከዚያ ለወራት በቀስታ ይደርቃል። ይህ የተዘለለበት እንጨት ሲግል ይሰነጠቃል፣ መራራ ጣዕምም ይሰጣል። አናጢዎ ጥሩ ቢሆንም ቀቅሎ የሚያከርም ካልሆነ አይሞክሩት። የተገዛውንም ቢሆን በትኩሱ መምጠጫውን አይንቀሉ፤ አንገቱ የሚሰነጠቀው እንደዚያ ነው።