ብቻችሁን ተራራ ልትወጡ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ "ብቻዬን ከፍ ያለ ተራራ ወጥቼ በዚያው ቀን ልመለስ" ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። አትሂዱ አልልም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሰዎችን ተራራ ላይ በመምራት ነው፤ ብቻን የመውጣትን ደስታም አውቀዋለሁ። በራስ እርምጃ መሄድ፣ ደስ ያለህ ቦታ መቆም፣ ማንንም አለመጠበቅ። ግን አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። የመመለሻ ሰዓታችሁን ቤት ሳላችሁ ወስኑ፤ ጫፉ ላይ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ተመለሱ።

ለምን ቤት? ላይ ስትደርሱ ጭንቅላታችሁ እንደ ታቹ አይሠራማ! ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ 5,500 ሜትር ላይ በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህሉ ነው የሚቀረው፣ በየትንፋሹ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከፍታ ያልለመደ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊጀምረው ይችላል። እሱ ሲጀምር ከዚያ በላይ መውጣት ይቅር። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ግን ሌላው ነው፤ አረማመድ ሲንገዳገድ፣ ሐሳብ ሲምታታ፣ ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ሲያጥር። ያኔ ወዲያው መውረድ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለም። ከጓደኛ ጋር ብትሆኑ "ምን ሆነሃል?" የሚል አለ። ብቻችሁን ስትሆኑ ግን "ደህና ነኝ" ብሎ የሚፈርደው ያው የደከመው ጭንቅላት ነው። ስለዚህ እየቆማችሁ ራሳችሁን ፈትኑ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኛችሁ ቀጥ ባለ መስመር ጥቂት ተራመዱ። ካቃታችሁ የዛሬው ጉዞ እዚያ ላይ አበቃ።

ሰዓቱን ለማስላት ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያወጣው ቀላል ዘዴ አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ለምትወጡት ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 1,200 ሜትር ከወጣችሁ 4 ሰዓት ይሆናል። ዕረፍትም የአየሩ መሳሳትም እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፣ ስለዚህ እኔ ከፍ ባለ ተራራ ላይ ግማሹን እጨምርበታለሁ፣ ማለትም 6 ሰዓት። በብዙ ተራሮች ነጎድጓድ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ከቀትር በፊት ከጫፉ ለመውረድ ሳይነጋ መነሳት ግድ ነው።

ከባዱ ነገር ጫፉ ቁልጭ ብሎ እየታያችሁ ሰዓቱ ሲደርስ ነው። "ትንሽ ብቻ ቀረኝ" ትላላችሁ። ያ ትንሽ ሲወጣም ሲወረድም ጊዜ ይበላል፣ የሚወረደውም በዛለ ጉልበት ነው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም ያኔ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ታች ሞቀ ብላችሁ ጃኬት አትተዉ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና ፊሽካ ያዙ። ለእርዳታ ጥሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ይደገማል። ስልክ በብርድ ቶሎ ስለሚዘጋ ከልብሳችሁ ሥር ይሁን።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ለአንድ ሰው መንገዳችሁን፣ የመመለሻ ሰዓታችሁንና ከስንት ሰዓት በኋላ እርዳታ እንደሚጠራ ጽፋችሁ ስጡ። ከዚያ መሀል ላይ ሐሳብ ቀይራችሁ በሌላ ጎን እንዳትወርዱ፤ የሚፈልጓችሁ በነገራችኋቸው መንገድ ነው።