ሦስተኛ ክፍልን ወደ ባሕር ዳርቻ ለመውሰድ፦ መጀመሪያ የውሃው ሰዓት

ሰላም እህታችን። ጥያቄዎን አነበብኩት። ሲያትል አካባቢ ሦስተኛ ክፍል ያስተምራሉ፤ ስለ ባሕር ሕይወት የአንድ ቀን የመምህራን ሥልጠና ወስደዋል፤ በሜይ መጨረሻ 48 ልጆች ይዘው ባሕር ዳር ሊወርዱ ነው፤ «የእንስሳቱን ስም እንኳ በቅጡ አልያዝኩም፣ ከየት ልጀምር?» ብለዋል።

ስሙ ይቆይ፤ ቀድሞ የሚያዘው የውሃው ሰዓት ነው። ሲያትል ባለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ ፑጀት ሳውንድ ውስጥ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሁለቱ መሸሾች ግን እኩል አይደሉም። በብርዱ ወራት ርቆ የሚሸሸው ሌሊት ነው። በፀደይና በበጋ ግን ወደ እኩለ ቀን ይጠጋል፤ ለትምህርት ቤት ሜይና ጁን የሚመረጡት ለዚህ ነው። የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት የሆነውን የኖዋን (NOAA) የሲያትል የውሃ ሰዓት ሠንጠረዥ ይክፈቱና ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቀን ይፈልጉ። ዜሮ ማለት ውሃው በቀን አብዝቶ የሚሸሽበት አማካይ ከፍታ ነው፤ ከዜሮ በታች 1.5 ጫማና ከዚያ ዝቅ የሚል ከሆነ ለጀማሪ ክፍል ይበቃል። ከዜሮ በላይ በሆነ ቀን ከሄዱ ልጆቹ ጠጠርና ባርናክል (ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ፣ ቀፎ ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ) ብቻ አይተው ይመለሳሉ። የታተመ ሠንጠረዥ ከተጠቀሙ የበጋው ሰዓት ለውጥ (ዴይላይት ሴቪንግ) የተጨመረበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሳሳታሉ።

ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ «ከዘነበ በሳምንቱ እንሄዳለን» አያስኬድም፤ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ውሃው ሞልቶ ያገኙታል። በሁለት ሳምንት ግን ተቀራራቢው ሰዓት ይመለሳል። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ዕድል ነው፦ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው፣ አብረው የሚሄዱትን ወላጆች ይዘው፣ በዚያው ሰዓት ወደዚያው ዳርቻ ይውረዱ። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም፣ መጸዳጃው ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት በአዳራሽ ሥልጠና አይታወቅም። እኔ ብጠየቅ ከሥልጠናው ይልቅ ይህን ግማሽ ቀን አስቀድማለሁ።

ውሃው በጣም ዝቅ የሚልበት ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 11:40 ነው እንበል። ልጆቹ 10:15 ላይ አሸዋው ላይ ይሁኑ፤ ውሃው ሲሸሽ እየተከተሉ ይውረዱ፤ 12:10 ላይ ፊታቸውን ወደ ላይ ያዙሩ። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ ዝግ ይላል፣ ከዚያ ይፈጥናል፤ መመለስ ከጀመረ በኋላ ባለው ሦስተኛ ሰዓት ውስጥ ብቻ ወደ 3 ጫማ ሊወጣ ይችላል። ጠፍጣፋ ዳርቻ ላይ ደግሞ ከኋላ ባለው ዝቅታ ዞሮ ስለሚገባ ጉብታ ላይ የቆሙ ልጆች ሳያውቁት ይከበባሉ። 48ቱን በስድስት በስድስት ይክፈሉና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አዋቂ ይመድቡ፤ ሁለት ትርፍ አዋቂ ይኑር። አንዱ ሥራው ውሃውንና ሰዓቱን ማየት ብቻ ነው፤ ሌላው መጸዳጃና የመጀመሪያ እርዳታ ይይዛል።

ኬንት፣ ሲታክ ወይም ሬንተን ከሆኑ በሪየን ከተማ ያለው ሲኸርስት ፓርክ ይቀርባል። ወደ ሰሜን ካርኪክ ፓርክ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባቡር ሐዲዱን በእግረኛ ድልድይ ስለሚሻገሩ መንገዱ ክፍት መሆኑን ቀድመው ይጠይቁ። አልካይ አጠገብ ያለው ኮንስተሌሽን ፓርክ በእንስሳት የበለጸገ ነው፤ ለ48 ሕፃን ግን አረንጓዴ አልጌ የሸፈነው ድንጋይ ስለሚበዛው አልመክርም። ከየትኛውም ዳርቻ ምንም አይወሰድም፣ ባዶ ቀፎም ቢሆን።

ጫማው ቦቲ ወይም ያረጀ ስኒከር ይሁን። ሸበጥና ክሮክስ አይሆንም፤ ባርናክል እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ከሥልጠናው የውቅያኖስ ዕውቀት ሰባት መርሆች ውስጥ ለአንድ ጉዞ አምስተኛው፣ ስለ ሕይወት ብዝኃነት የሚናገረው፣ ይበቃል። ለእሱ አንድ መሣሪያ ይሥሩ፦ ከፕላስቲክ ቱቦ ውስጡ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሲባጎ የተወጠረበት። 25 ትናንሽ ካሬዎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዷ 4 በመቶ ናት። ልጆቹ ባርናክል ከግማሽ በላይ የሸፈናቸውን ካሬዎች ይቆጥራሉ፣ በ4 ያባዛሉ። ላይ፣ መሐልና ታች አንድ አንድ ጊዜ ካደረጉት ሕይወት በከፍታ እንዴት እንደሚደረደር ራሳቸው ያዩታል፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ሆነልዎ።

አንድ ነጭ ሳፋም ይያዙ። ሦስት ጣት ያህል የባሕር ውሃ ይጨምሩና ባርናክል ያለበት ትንሽ ድንጋይ ያስቀምጡ። ጥላ ሳይጥሉ፣ ሳይነቀንቁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። ክዳኑ ከፈት ይልና ላባ የመሰለ ነገር ወጣ ገባ ማለት ይጀምራል። ያ እግሩ ነው፤ ጭንቅላቱን ድንጋይ ላይ ለጥፎ በእግሩ ምግብ የሚያጠምድ የሸርጣን ዘመድ ነው። ይህን ያየ ልጅ ባርናክል ላይ ለመርገጥ ይሳሳል። ውሃው ቶሎ ስለሚሞቅና አየሩ ስለሚያልቅ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድንጋዩን ከተነሣበት ቦታ ይመልሱት።

የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ሲገለብጡ ከልጅ ጭንቅላት የማይበልጠውን ብቻ በቀስታ ይግለጡ፤ ሲመልሱ በነበረበት ጎን ይሁን፣ ተገልብጦ ከቀረ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይደርቃል። የባሕር ኮከብ ከድንጋይ አይላቀቅም፤ የሚጣበቅባቸው ጥቃቅን እግሮች ይበጠሳሉ። መንካት በአንድ እርጥብ ጣት ነው፤ እጃቸው ላይ የፀሐይ ቅባት ካለ አስቀድመው ይታጠቡ። ረዥም ሪባን የመሰለው አረንጓዴ ሣር፣ ኢልግራስ፣ አይረገጥም።

ጉዞውን ከቆሻሻ ለቀማ ጋር ማጣመር የሚወዱ አሉ። ያኔ ልጆች ግራጫ፣ የተቀደደ የጎማ አንገትጌ የሚመስል ነገር አንሥተው ከረጢት ውስጥ ይከታሉ። ጎማ አይደለም፤ ሙን ስኔይል የተባለው ትልቅ ቀንድ አውጣ ከአሸዋና ከልጋጉ የሠራው የእንቁላሎቹ ቤት ነው። ፎቶውን ከጉዞው በፊት ክፍል ውስጥ ያሳዩአቸው። በእንግሊዝኛ ሲል (seal) የተባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ ግልገል ብቻውን ተኝቶ ካገኙ እናቱ ለምግብ ሄዳ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ 100 ያርድ ይራቁ።

የወላጅ ፈቃድ ወረቀቱን በአማርኛም ይጻፉት። «ባሕር ዳር» ሲባል ዋና መስሏቸው ሳይፈርሙ የሚቀሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። «ልጆቹ አይዋኙም፤ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ነው የሚረግጡት፤ ውሃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም» ብለው በግልጽ ያስፍሩ። ሰዓቱንም «4 ሰዓት» ብለው አይተዉት፤ ግማሹ ወላጅ በሀበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል። «ከጠዋቱ 10:00፣ በአሜሪካ ሰዓት» ይበሉ። አውቶቡሱ ሊጠብቅ ይችላል፣ ባሕሩ ግን አይጠብቅም።