ልጆቹ ቃሉን ያጠኑና በሳምንቱ ይረሱታል ላለችው እህታችን

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ መድረሳ ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው 30 የሚሆኑ ልጆች ይዘሻል፤ የዐረብኛ ቃላት በዜማ ታስጠኛቸዋለሽ፣ ተቀብለውሽ ይላሉ፣ በሳምንቱ ስትጠይቂያቸው ግን ጠፍቷል። ክፍል ውስጥ የሚሆን ጨዋታ ትፈልጊያለሽ፤ ወላጆች ደግሞ «ለቂርአት (ለቁርአን ትምህርት) ነው የላክናቸው፣ ለጨዋታ አይደለም» እያሉ አስጨንቀውሻል። አብሽሪ። እኔ ኮምቦልቻ 11 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ መጀመሪያ የገጠመኝም ይኸው ነበር።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፦ የወሎ ልጅ ወደ ዐረብኛ ባዶ አፉን አይመጣም። ቤቱ ቡና ሲፈላ ፍንጃል እየተባለ አድጓል፤ ዐረቡ ፊንጃን ይለዋል። ምስማር በዐረብኛም ሚስማር ነው። ሳሙና ሳቡን፣ ሎሚ ለይሙን፣ ስኳር ሱከር። ራስ ረእስ ነው፣ ዐይን እዚያም ዐይን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር በማያውቁት ቃል አትጀምሪባቸው። እኔ አንድ ዘንቢል አለኝ፤ ፍንጃል፣ ምስማር፣ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ቁልፍ እከትበትና በነጠላ እሸፍነዋለሁ። ልጁ ሳያይ እጁን ይከታል፣ ይዳስሳል፣ የቀሩት በአንድ ድምፅ «ማ ሃዛ?» (ይህ ምንድን ነው?) ብለው ይጠይቁታል። እሱ «ሃዛ ሚስማር» ካለ በኋላ ነው የሚያወጣው። ቁልፍ ሲመጣ ሚፍታሕ ነው፤ «መፍቻ ከሚለው ጋር አይመሳሰልም?» እላቸዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚረሳው ልጅ አላጋጠመኝም። ዘንቢሉ ውስጥ እስክሪብቶና የጫማ ቀለም አብሬ አስቀምጣለሁ። «ቀለም» ስል ሁሌም የጫማውን ቀለም ያነሳሉ፤ በዐረብኛ ግን ቀለም መጻፊያው ነው። አንዴ ተሳስቶ ያነሳው ልጅ ለሁልጊዜው ያዘው ማለት ነው።

እዚህ ላይ እንዳታልፊው የምለምንሽ ነገር፦ ጨዋታው ልጁን ካላናገረው ሩጫ ብቻ ነው። «ማ ሃዛ?» የሚለውን 29ኙ ልጆች ደጋግመው ስለሚሉት ነው ዘንቢሉ የሚሠራው።

ድምፅ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፊ፣ አይቆጭሽ። ፊደላችን ሀ እና ሐን፣ አ እና ዐን ለይቶ ቢጽፍም አፋችን መለየቱን ትቶታል፤ ስለዚህ ልጆቹ ሓ እና ሃን፣ ዐይን እና ሀምዛ የሚባሉትን ፊደላት አንድ ያደርጋሉ። ጧም ያስቸግራል፤ የኛ ጠ ፍንድት ትላለች፣ የዐረቡ ጧ ግን ሳትፈነዳ ትወፍራለች። ይህን በቃል ብታስረጂ ማንም አይሰማሽም። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ቲን በለስ ነው፣ ጢን ጭቃ ነው። ልጆቹ ቆመው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። «ቲን» ስል በለስ እንደሚልጥ ሰው እጃቸውን ወደ አፋቸው ያመጣሉ፣ «ጢን» ስል ጭቃ እንደሚሻገር ሰው ይዘላሉ። ዐይናቸውን የጨፈኑት ጓደኛቸውን አይተው እንዳይዘሉ ነው። ለሁለት ቀን ጆሯቸው ብቻ ይለማመዳል፣ በሦስተኛው ቀን ጠሪው ልጅ ይሆናል፤ እሱ አሳስቶ ከጠራ ክፍሉ በሙሉ ይሳሳትበታልና ምላሱን ራሱ ያስተካክላል። በሰይፍና ሷይፍም ይሠራል፤ አንዱ ጎራዴ ነው፣ አንዱ በጋ።

አሁን ስሕተቴን ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው። የመጀመሪያው ዓመት ይህንኑ ጨዋታ «የተሳሳተ ይወጣል» እያልኩ ነበር የማጫውተው። አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሁልጊዜ ቀድሞ ይወጣል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ጉልበቱን አቅፎ ጓደኞቹን ያያል። ደህና እየተጫወትን መስሎኝ ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። ከዚያ ልጁ ቀረ። እናቱን ገበያ ላይ አግኝቼ ስጠይቃት «ዐረብኛ አልችልም ይላል» አለችኝ። ልምምዱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነበር፣ ከሁሉም ያነሰ የተለማመደውም እሱ። ልቤ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ክፍል ውስጥ ማንም አይወጣም። የተሳሳተ ልጅ ወደኔ መጥቶ የሚቀጥለውን ቃል አብሮኝ ይጠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ቦታው ይቆማል። ያ ልጅም አልሐምዱሊላህ ተመለሰ።

ለንባብ ደግሞ የእጅ ለእጅ መያያዙን ሞክሪ። ከ28ቱ ፊደላት ስድስቱ ከኋላቸው ከሚመጣው ጋር አይቀጠሉም፦ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ፣ ዋው። ይህን ሕግ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፣ ልጆቹ ግን አሁንም አሊፍን ከሁለቱም ጎን ይቀጥሉታል። አሁን በካርቶን ላይ ፊደሉን ጽፌ ጀርባቸው ላይ እለጥፋለሁ። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ከቀኝ ወደ ግራ ይደረደራሉ፣ የቀሩት ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ያነቡታል። ስድስቱ ፊደላት ግራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ለማንም አይሰጡም። «በይት» ስል ባ፣ ያ፣ ታ ሦስቱም ይያያዛሉ። «ዳር» ስል ዳል፣ አሊፍ፣ ራ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ የሚያዝ እጅ ግን የለም። ሁለቱም ቤት ማለት ናቸው። «ኪታብ» ላይ ካፍ ታን ይይዛል፣ ታ አሊፍን ይይዛል፣ ባ ለብቻው ይቀራል። መጀመሪያ ያጫወትኳቸው ቀን ባ የሆነችው ልጅ አሊፍ የሆነውን ልጅ እጅ በግድ ልትይዝ ስትታገል፣ ከኋላ ያሉት «አይሰጥሽም! አሊፍ ነው!» ብለው ጮኹባት። ደብተራቸውን በሳምንቱ ሳይ ስሕተቱ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነበር።

ሰኞ ማክሰኞ ለሳምንቱ ቀናት የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። 7 ሳጥን በጠመኔ አስምሪ፣ ከእሑድ ጀምሪ። አሐድ እሑድ ነው፣ አርቢዓእ ረቡዕ፣ ኸሚስ ሐሙስ፤ በሁለቱም ቋንቋ ስሙ ከቁጥር ነው የመጣው፣ ልጆቹ ራሳቸው ሲደርሱበት ደስታቸው ሌላ ነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ካሉት ማክሰኞ ብቻ ይለያል፤ እኛ የሰኞ ማግስት እንለዋለን፣ ዐረቡ ሡላሣእ፣ ሦስተኛው ይለዋል። በእያንዳንዱ ሳጥን ሲዘሉ ስሙን ጮክ ብለው ይላሉ፣ ጁምዐ ላይ በሁለት እግር ያርፋሉ። መሀረቤን ያያችሁንም «አይነ ሚንዲሊ?» እያልን፣ ክቡ «ማ ረአይናሁ» እያለ እንጫወተዋለን።

ለታናናሾቹ መሬት ላይ ጎድጓዳ መስመር ሥዪና በነጥብ ፈንታ ሽምብራ ስጫቸው፦ አንድ ከሥር ባ፣ ሁለት ከላይ ታ፣ ሦስት ከላይ ሣ። ሽምብራው ጥሬ ይሁን፣ ከተቆላ ትምህርቱ ሳያልቅ ያልቃል።

አንድ ድንበር ግን አለኝ። የቁርአን አያ (አንቀጽ) በሩጫና በጩኸት ጨዋታ ውስጥ አላስገባም። ጨዋታው ለቃላት፣ ለፊደልና ለንግግር ነው። ይህን ለወላጆች አስቀድመሽ ብትነግሪያቸው ግማሹ ቅሬታ ይወርድልሻል።

ለቀረው ግማሽ ደግሞ ዐጀሚ አለልሽ። የወሎ ዑለሞች አማርኛን በዐረብ ፊደል ሲጽፉ የኖሩ ናቸው፣ ብዙ መንዙማ በዚያ ነው የቆየልን። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ልጆቹን በዐረብ ፊደል የአባታቸውን፣ የእናታቸውን፣ የሰፈራቸውን ስም አጽፌ ወደ ቤት እልካለሁ። አንዷ ተማሪዬ አያቷ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጡትን የዐጀሚ መንዙማ አውጥታ አንድ መስመር አነበበችላቸው። በማግስቱ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው መድረሳው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ «ምን ብታጫውቻት ነው?» አሉኝ። አስገብቼ የእጅ ለእጁን አሳየኋቸው፣ ላም የሚባለውን ፊደል ሆነው ከልጆቹ መሀል ቆሙ።

አንቺ በዘንቢሉ ጀምሪ፣ ከ10 ደቂቃ አታስበልጪው፣ ገና ደስ እያላቸው አቁሚው። ከዚያ በቲንና ጢን ቀጥይና የትኛው ድምፅ እንዳስቸገራቸው እዚሁ ጻፊልኝ፤ ለዐይን እና ለገይን የምጠቀምበት ሌላ አለኝ፣ እልክልሻለሁ ኢንሻአላህ።