መልስ፦ ፊልሙ ውስጥ ያለው ዘፈንና ሬዲዮ ላይ የምንሰማው ለምን ይለያያል?

ሰላም ወንድሜ፣ ጆሮህ አልተሳሳተም። «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት» በተባለው የዲዝኒ ካርቱን ፊልም (እ.ኤ.አ. 1991) ውስጥ የፊልሙን ስም የያዘውን ዘፈን የምትዘፍነው ሴሊን ዲዮን አይደለችም፣ አንጀላ ላንስበሪ ናት። ፊልሙ ውስጥ የምትናገረው የሻይ ማንቆርቆሪያ ድምፅ ማለት ነው። ሴሊን ከፒቦ ብራይሰን ጋር የዘፈነችው የሚመጣው ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ሲወርድ ነው።

የላንስበሪው ለታሪኩ የተሠራ ነው፤ ቆንጆዋና አውሬው ሲደንሱ ቀስ ብሎ የሚያጅባቸው፣ እንደ እናት ያለ ድምፅ። ሬዲዮ ላይ ግን እንደዛ አይሄድም። ስለዚህ ያው የአላን መንከን ዜማ እንደገና ተቀናብሮ ለሁለት ድምፃውያን ተሰጠ፣ ፊልሙን ያላየ ሰውም እንደ ማንኛውም የፍቅር ዘፈን እንዲሰማው። ዘዴው ሠራ። በ1992 ለወጣው «አላዲን»ም ደገሙት። እዛ ብራይሰን ከሬጂና ቤል ጋር ነው የዘፈነው፤ ያ ዘፈን በማርች 1993 የቢልቦርድን (የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ) አንደኛ ደረጃ የወሰደው ከዊትኒ ሂውስተን ነው፣ ያውም እሷ 14 ሳምንት ሙሉ ከያዘችው በኋላ!

እኔ ሴሊንን ብወዳትም የምመለሰው ወደ ላንስበሪ ነው። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ነው አንጀቴን የሚበላው። ለልጆች የምታሰማ ከሆነ መጀመሪያ የሷን አሰማቸው።